ከ95 እስከ 115 ኪሎ ሜትር ላይ የሚርገበገብ መሪ፦ ለአንድ የኢ39 ኤም5 ባለቤት የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂው የሚኖሩት ጀርመን፣ ፍራንክፈርት አካባቢ ነው። መኪናቸው የ2001 ቢኤምደብሊው ኤም5 ናት፤ ኢ39 የሚባለው ሞዴል፣ ባለ 8 ሲሊንደር፣ ባለ 6 የእጅ ማርሽ። አውቶባህን ላይ 95 ሲደርሱ መሪው ግራና ቀኝ መርገብገብ ይጀምራል፣ 105 ላይ ይብሳል፣ 120ን ሲያልፉ ይጠፋል። ፍሬን በስሱ ሲነኩ ይጨምራል። አራቱም ጎማ አዲስ ነው፤ ሁለት ጊዜ ባላንስ ተደርጓል፤ ለውጥ የለም። ጋራዡ አሁን የፊት ፍሬን ዲስክ፣ ሾክ አብዞርበርና የመሪ ቦክስ ይቀየር ብሏቸዋል። «ከየት ልጀምር?» ይላሉ።

ዲስኩም፣ ሾኩም፣ ቦክሱም ይቆይ። የገለጹት ምልክት፣ ማለትም መሪ ላይ መሰማቱ፣ በዚያች ጠባብ ፍጥነት ብቻ መኖሩና በስስ ፍሬን መባሱ፣ ኢ39 ላይ ወደ ሁለት ቦታ ነው የሚጠቁመው። አንደኛው የፊት ጎማና ቸርኬ ነው። ሁለተኛው በሰያፍ የምትሄደው የፊት እግር ክንድ ጫፍ ላይ ያለው፣ ውስጡ ፈሳሽ ያዘለ ትልቅ ጎሚኒ (ብረቶቹ የሚገናኙበት ላስቲክ) ነው። ሁለቱ ተባብረው ነው የሚያስቸግሩት፤ አንዱን ብቻ የነካ ሰው መኪናዋ አልድን አለች የሚለውም ለዚህ ነው።

ምንጩ ጎማው ነው። የእርስዎ የፊት ጎማ 245/40 ዜድአር18 ከሆነ በአንድ ዙር ወደ 2 ሜትር ይሄዳል። 105 ኪሎ ሜትር በሰዓት ማለት በሰከንድ 29 ሜትር ስለሆነ ጎማው በሰከንድ 14 ዙር ተኩል ያህል ይሽከረከራል። የቸርኬው ጠርዝ አካባቢ 20 ግራም ቢጎድል ወይም ቢተርፍ በዚያ ፍጥነት 37 ኒውተን ገደማ፣ ማለትም ወደ 4 ኪሎ የሚጠጋ ጉተታ ይፈጥራል። ጉተታው በእያንዳንዱ ዙር አንዴ ወደፊት፣ አንዴ ወደኋላ ይጎትታል። ጉልበቱ በፍጥነቱ ካሬ ስለሚያድግ 50 ላይ ሩቡን ያህል ነው፤ ከተማ ውስጥ ምንም የማይሰማዎትም ለዚህ ነው።

እንግዲያው 130 ላይ ለምን አይብስም? እዚህ ላይ ነው ጎሚኒው የሚገባው። የፊት እግሩ ከነጎማው በጎሚኒው የመለጠጥ ጠባይ የተነሳ ወደፊትና ወደኋላ የመወዛወዝ የራሱ ምት አለው። የጎማው ዙር ከዚያ ምት ጋር ሲገጥም ትንሿ ጉተታ ትገዝፋለች፤ ሲያልፈው ደግሞ እግሩ ሊከተለው ስለማይችል ይረጋጋል። ጤነኛ ጎሚኒ ውስጥ ያለው ፈሳሽ በጠባብ ቀዳዳ እየተመላለሰ ይህን ውዝዋዜ ያፍናል። ፈሳሹ ፈስሶ ያለቀበት ወይም ላስቲኩ የተሰነጠቀ ጎሚኒ ግን ማፈኑ ይቀርና ሁሉንም ወደ መሪው ያሳልፋል። ስለዚህ ጎሚኒው ጤነኛ የሆነ ኢ39 10 ግራም ስህተት ሳያሰማ ይሸከማል፤ ያረጀበት ደግሞ ያችኑ 10 ግራም እጅዎ ላይ ያመጣታል። ባላንስ ያደረገው ሰው «ማሽኑ ዜሮ አሳይቷል» ሲል፣ እርስዎም «ግን ይርገበገባል» ሲሉ ሁለታችሁም እውነት ልትናገሩ ትችላላችሁ።

መንገድ ላይ የሚደረግ ፍተሻ

ጋራዥ ከመግባትዎ በፊት አንድ ሰው ከጎንዎ አስቀምጠው ይውጡ። ፍጥነቱን ከመኪናው ሰሌዳ ሳይሆን ከጂፒኤስ ያንብቡ፤ ሰሌዳው ከእውነተኛው ትንሽ አብልጦ ስለሚያሳይ ቁጥሮቹ ይዛቡብዎታል። መጀመሪያ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ይንዱ። ቆማ የሰነበተች መኪና ጎማዋ አስፋልቱን የነካበት ጎኑ ጠፍጠፍ ይላል፣ ሲሞቅ ይመለሳል። ንዝረቱ ከዚያ በኋላ ከጠፋ ችግሩ ያ ነበር፣ ሌላ አይፈልጉ።

ከዚያ መንገዱ ክፍት ሲሆን 105 ላይ በ6ኛ ማርሽ ፍጥነቱን ይያዙ። ሞተሩ 2,300 ዙር አካባቢ ይሆናል። ያው 105 ላይ ሆነው ወደ 4ኛ ይቀንሱ፤ ሞተሩ ወደ 3,400 ይወጣል። ንዝረቱ በሁለቱም አንድ ዓይነት ከሆነ ሞተሩና የሞተሩ ሱፖርት ነፃ ናቸው። ቀጥሎ ፍሪሲዮን ረግጠው መኪናዋ በራሷ ትንሸራተት። አሁንም ካለ ከሞተር ጉልበት ጋር ግንኙነት የለውም። ይህን ፍተሻ በ5ኛ ማርሽ አያድርጉት። የዚህ መኪና 5ኛ ማርሽ ቀጥታ፣ አንድ ለአንድ ነው፤ ሞተሩና ከካምቢዮ (ከማርሽ ሳጥኑ) ወደ ዲፈረንሻል የሚሄደው ዘንግ፣ ካርዳኑ፣ በእኩል ዙር ስለሚሽከረከሩ አንዱን ከሌላው መለየት አይቻልም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

የት እንደሚሰማዎት በትክክል ይለዩ። መሪው ላይ ከሆነ ፊት ነው። መሪው ረጋ ብሎ መቀመጫውና ወለሉ የሚነዝር ከሆነ የኋላ ጎማ ወይም ካርዳን ነው። ኤም5 የምትነዳው በኋላ እግሯ ስለሆነ ፊት ላይ ከካምቢዮ የሚመጣ አክስል የለም። የፊት ጎማ በሚነዱ መኪኖች ላይ «ውስጠኛው ጆይንት ነው» የሚባለው ምክር እዚህ ቦታ የለውም።

ከጎንዎ ያለው ሰው ስልኩ ላይ የንዝረት መለኪያ ፕሮግራም ቢጭን ጠቃሚ ነው። ስልኩ መካከለኛው ወለል ላይ፣ ብረቱ ወይም ጠንካራው ፕላስቲክ ላይ ተለጥፎ ይቀመጥ፤ እጅ ወይም መቀመጫ ላይ ከሆነ ሥጋና ስፖንጅ ያፍኑታል። በ105 የሚታየው ጫፍ 14 ወይም 15 ኸርዝ (በሰከንድ 14 ወይም 15 ምት) ላይ ከሆነ ጎማ በዙር አንዴ የሚመታው ነው፤ ባላንስ፣ የመሃል አቀማመጥ ወይም በአንድ ጎኑ ከፍ ያለ ጎማ። 29 ላይ ከሆነ በዙር ሁለቴ የሚመታ ነው፤ ሞላላ የሆነ ጎማ ወይም የተጎዳ ቸርኬ ይፈለግ። የኤም5 ዲፈረንሻል 3.15 ስለሆነ ካርዳኑ 46 ላይ ይታያል። በ6ኛ ማርሽ ሞተሩ 38 ላይ ነው። ብዙ ስልኮች በሰከንድ 100 ጊዜ ብቻ ስለሚለኩ ከ50 ኸርዝ በላይ የሚያሳዩትን አይመኑ፤ 46ም ከዚያ ወሰን ቅርብ ስለሆነ በጥንቃቄ ይታይ።

ጎማውን ከመኪናው መለየት

ሌላ መኪና ቢሆን የፊቱን ወደ ኋላ አዙረው ንዝረቱ ወዴት እንደሄደ ያዩ ነበር። ኤም5 ላይ ይህ አይሠራም፤ ፊት 8 ኢንች ስፋት ያለው ቸርኬ ከ245 ጎማ ጋር፣ ኋላ 9.5 ኢንች ከ275/35 ጎማ ጋር ነው ከፋብሪካ የወጣችው። የኋላውን ፊት ማሰር ክንዱንና የጭቃ መከላከያውን ይነካል፣ አይሞክሩት።

ግን ጀርመን ነው ያሉት፤ የክረምት ጎማ በራሱ ቸርኬ ላይ ታስሮ ምድር ቤት ተቀምጦ ከሆነ ከዚያ የተሻለ መመርመሪያ የለም። ወቅቱ ባይሆንም ለአንድ ሰዓት ፊት ላይ አስረው ያንኑ መንገድ ይሂዱ። ንዝረቱ ሙሉ በሙሉ ከጠፋ ምንጩ የበጋው ጎማ ወይም ቸርኬ ነው። መጠኑ ወይም ፍጥነቱ ትንሽ ተቀይሮ ከቀጠለ ግን ማንኛውም ጎማ ሲታሰር የሚርገበገብ ደካማ እግር አለ ማለት ነው፣ ክንዱ ጋ ይሄዳሉ። ልክ እንደ በፊቱ፣ ምንም ሳይለወጥ ከቀጠለ ደግሞ ሞዞው (ጎማው በብሎን የሚታሰርበት የሚሽከረከር ብረት) እና ዲስኩ ይጠረጠራሉ፤ ጎማ ሲቀየር የማይቀየሩት የሚሽከረከሩ ነገሮች እነሱ ብቻ ናቸውና።

የክረምት ጎማው ግን የኢ39 ይሁን። አብዛኞቹ የዚያ ዘመን ቢኤምደብሊው መኪኖች የሞዞ መሃል 72.6 ሚሊ ሜትር ሲሆን ኢ39 ብቻውን 74.1 ነው። የብሎኖቹ ርቀት አንድ ዓይነት፣ 5 በ120 (5 ብሎን በ120 ሚሊ ሜትር ክብ ላይ) ስለሆነ ሰው ይቀያይራል። የሌላው ሞዴል ቸርኬ ኢ39 ላይ አይገባም፤ ቀዳዳውን በቶርኖ አስፍቶ የሚሸጥ ግን አለ፣ የሰፋው ቀዳዳም ሁልጊዜ እውነተኛው መሃል ላይ አይደለም። ከፋብሪካ ውጭ የተሠራ ቸርኬ ከሆነ ደግሞ ቀዳዳው ሰፊ ሆኖ በመሃሉ የፕላስቲክ ቀለበት ይገባል። ቀለበቱ በፍሬን ሙቀት ቀልጦ ወይም ጎሚስታው ጋ ወድቆ ቀርቶ ከሆነ ቸርኬው በብሎኖች ብቻ ተንጠልጥሏል፣ ማሽን ላይ ዜሮ የነበረው ጎማ መኪናው ላይ ሲታሰር ከመሃል ይወጣል። አሁኑኑ በቬርኒየር ይለኩት፤ አምስት ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነው፣ መልሱም ቁርጥ ያለ ነው።

ባላንስ የተደረገው በምን ሁኔታ ነው?

«ሁለት ጊዜ ባላንስ ተደረገ» የሚለው ብዙም አይነግረኝም። ማሽኑ የሚያውቀው ጎማው በማሽኑ ዘንግ ላይ እንዴት እንደተቀመጠ ብቻ ነው። ኮኑ (ጎማውን ዘንጉ መሃል ላይ የሚያስይዘው ሾጣጣ ብረት) ከፊት፣ ከጌጡ ቀዳዳ በኩል ከገባ፣ ወይም የቸርኬው የኋላ ፊት ዝገትና ጭቃ ካለበት ጎማው ዘንበል ብሎ ይታሰራል፤ ማሽኑም ያንን ዘንበል ያለ ጎማ በታማኝነት ዜሮ ያደርገዋል።

ሦስተኛ ጊዜ ሲሄዱ አጠገቡ ይቁሙና እነዚህን ይጠይቁ። የቀድሞ ክብደቶች በሙሉ ይነሱ፤ ከአሮጌው ላይ የተደራረበ ክብደት የሚደብቀው ነገር አለ። የቸርኬው የውስጥ ገጽታ ከደረቀ ጭቃና ከአሮጌ ሙጫ ይጽዳ። ኮኑ ከኋላ፣ ሞዞው በሚገባበት በኩል ይግባ፣ ከፊት በኩል ደግሞ በ5ቱ የብሎን ቀዳዳዎች የሚጫን ጣት ያለው ሳህን ይታሰር። ማሽኑ ትንንሽ ግራሞችን እንዳይሰውር ረቂቅ በሆነው አነባበብ ይስተካከል፤ በተለመደው አሠራር ብዙ ማሽኖች ጥቂት ግራም ሲቀር ዜሮ ብለው ያሳያሉ፣ ለእርስዎ መኪና ያ ጥቂት ግራም ዋጋ አለው።

ከዚያ ዋናው ፈተና፦ ባላንሱ አልቆ ዜሮ ሲያሳይ ጎማው ከዘንጉ ላይ ይፈታና ግማሽ ዙር፣ 180 ዲግሪ ተዟዙሮ እንደገና ይታሰር። እንደገና ሲሽከረከር አሁንም ዜሮ ወይም እስከ 5 ግራም ካሳየ የመሃል አያያዙ ልክ ነው። 15 ወይም 20 ግራም ብቅ ካለ ባላንሱ ዋጋ የለውም፤ ኮኑ፣ ዘንጉ ወይም የቸርኬው ቀዳዳ ችግር አለበት። ሁለት ጊዜ ባላንስ ተደርጎ ለውጥ ያልመጣበት ጎማ ላይ በመጀመሪያ የምጠይቀው ይህን ነው፤ ባለሙያውም ክብሩ እንደተነካ ሊቆጥረው አይገባም።

ባላንስ የማያወጣው ሌላ ጉድለት አለ። ጎማ በክብደት ፍጹም እኩል ሆኖ በጥንካሬው ግን እኩል ላይሆን ይችላል፤ አንዱ ጎኑ መኪናዋን የበለጠ ይገፋል፣ በየዙሩም ያነሳታል። ይህን የሚለካው ሲሊንደር ጎማው ላይ ተጭኖ የሚያሽከረክረው፣ ሮድ ፎርስ የሚባለው ማሽን ነው። ሃንተር የሚባለው ኩባንያ ማሽን ያላቸው ጎሚስታዎች ጀርመን ውስጥም አሉ፣ ደውለው ይጠይቁ። ቁጥሩን በፓውንድ ካሳየ ለኤም5 የፊት ጎማ ከ15 በታች እፈልጋለሁ፤ ያ ወደ 67 ኒውተን ነው። 25 እና 30 ያሳየ ጎማ በዚህ እግር ላይ በእርግጠኝነት ይሰማል። ቁጥሩ ከፍ ካለ ጎማውን ወዲያው አይጣሉት። ማሽኑ የጎማውን ከፍተኛ ቦታና የቸርኬውን ዝቅተኛ ቦታ ያሳያል፤ ጎማው ከቸርኬው ላይ ተላቆ፣ ተዟዙሮ ሁለቱ ሲገጣጠሙ ብዙ ጊዜ ቁጥሩ በግማሽ ይወርዳል።

ያ ማሽን ካልተገኘ ዳያል ጌጅ (ባለ መርፌ ረቂቅ መለኪያ) ይበቃል። ጎማው መኪናው ላይ ታስሮ፣ እግሩ በክሪክ ተነስቶ በእጅ ቀስ ብሎ ይዙር። የጎማው ጥርስ መሃል ላይ ከፍታና ዝቅታው ከ1 ሚሊ ሜትር ካለፈ ይጠርጠር፤ ቸርኬው ብቻውን፣ ጎማው በሚቀመጥበት ጠርዝ ላይ፣ ከ0.6 በላይ መሄድ የለበትም። የውስጠኛውን ጠርዝ አይርሱ። ጉድጓድ የመታ ቸርኬ የሚጎዳው ከውስጥ ነው፣ ከውጭ ሲያዩት ያምራል። ጎማው ሲታሰር የጎኑ ቀጭን መስመር ከቸርኬው ጠርዝ እኩል መራቁንም ዙሪያውን ያስተውሉ፤ አንድ ቦታ ወደ ውስጥ ከሰመጠ ጎማው በደንብ አልተቀመጠም፣ ንፋሱ ወጥቶ ጠርዙ በሳሙና ረጥቦ እንደገና ይነፋ። አዲስ የታሰረ ጎማ ሳሙናው እስኪደርቅ ለአንድ ቀን ያህል በኃይል ፍሬን መያዝና በኃይል መነሳት የለበትም። ባለ 400 ፈረስ ጉልበት መኪና ላይ ጎማው በቸርኬው ላይ ይንሸራተትና የተሠራው ባላንስ በመጀመሪያው ምሽት ይፈርሳል።

ሲታሰር

በክረምት ጨው በሚበተንበት አገር ሞዞው ዝገት ያበቅላል። የሞዞው ፊትና የመሃሉ ከንፈር በሽቦ ብሩሽ ብረቱ እስኪታይ ይጥረጉ። የዲስኩ ጀርባም እንዲሁ። ቅባት ካስፈለገ ከንፈሩ ላይ ስስ ሽፋን ብቻ፤ በፊቱ ላይ የተቀባ ወፍራም ቅባት ራሱ ጎማውን ያዘነብላል። እግሩ ተነስቶ እያለ 5ቱን ብሎኖች በእጅ፣ በኮከብ ቅርጽ እያፈራረቁ ይግቡ። ከዚያ መሬት ነክቶ በቶርክ መፍቻ 120 ኒውተን ሜትር። በአየር መፍቻ አንዱን ብሎን ቀድሞ የሚያጠብቅ ጎሚስታ ጎማውን ወደ አንድ ጎን ስቦ ያስራል፤ ባላንሱ ምንም ያህል ቢያምር ከሚያጠፉት ነገሮች አንዱ ይህ ነው። በጎማውና በሞዞው መሃል ማስፊያ ሳህን ገብቶ ከሆነ ለፍተሻው ጊዜ አውጥተው ይንዱ።

ክንዱና ጎሚኒው

ጎማው ተረጋግጦ ንዝረቱ ቀንሶ ካልጠፋ፣ ወይም የክረምት ጎማውም ከተንቀጠቀጠ፣ እዚህ ነን። በስስ ፍሬን መባሱ ከመጀመሪያው ወደዚህ ያዘነበልኩበት ምክንያት ነው። ፍሬን ሲነኩ ጎማው ወደኋላ ይገፋል፣ የሰያፏ ክንድ ጎሚኒም ተጨንቆ ወደ ደካማው ጎኑ ይገባል።

ሊፍት በሰዓት የሚያከራይ ጋራዥ ካገኙ ራሱ ማየት ለሚወድ ሰው ከባድ አይደለም። ጎሚኒው ዙሪያ ጥቁር፣ ዘይት መሳይ እድፍ ወይም ወደ ታች የወረደ መስመር ይፈልጉ። ካዩ ፈሳሹ ወጥቷል፣ ሌላ ማስረጃ አያሻም። ደረቅ ከሆነ በረጅም ብረት ቀስ ብለው ይግፉት፤ ግን ይህ ጎሚኒ ጤነኛም ሆኖ ብዙ የሚንቀሳቀስ ነው፣ መንቀሳቀሱን ብቻ አይተው አይፍረዱ። ግራውን ከቀኙ ያወዳድሩ፣ የሚንቀሳቀሰው ተቃውሞ እያሳየ ነው ወይስ ባዶ ሆኖ እየተንኳኳ የሚለውን ያዳምጡ፣ የተዘረጋውን የላስቲክ ጎን ስንጥቅ ይዩ። ከዚያ መኪናዋ መሬት ላይ እያለች፣ መሪው እስከ ጫፍ ተዟዙሮ አንድ ሰው ፍሬን እየያዘ ወደፊትና ወደኋላ በትንሹ ያንቀሳቅሳት። እርስዎ ከጎን፣ ከጎማው መንገድ ርቀው ሲመለከቱ የጎማው መሃል በጉልህ ወደኋላ ከሄደ ጎሚኒው አልቋል።

ሲቀየር ሁለቱም ጎን በአንድ ጊዜ ይቀየር። የክንዱ ሌላኛ ጫፍ ላይ ያለው ቴስቲና (ኳስ መሳዩ መገጣጠሚያ) ዕድሜው ከጎሚኒው ጋር እኩል ስለሆነ ሙሉ ክንዱን መግዛት ያዋጣል፤ ጎሚኒው በፕሬስ ብቻ ሲገባ አቅጣጫው በትንሹ ከተዛነፈ ፈሳሹ የሚመላለስበት መንገድ ከጉልበቱ መስመር ይወጣል። ራሳቸውን የሚቆልፉት ዳዶዎች አዲስ ይሁኑ።

አሁን አብዛኛው ጋራዥ የሚሳሳትበት ነጥብ። የጎሚኒው ብሎን እግሩ በአየር ላይ ተንጠልጥሎ እያለ መጨረሻ ድረስ መጥበቅ የለበትም። ላስቲኩ ከመሃሉ ብረት ጋር የተጣበቀ ነው፤ ብሎኑ ሲጠብቅ የነበረበት ቦታ የዕረፍት ቦታው ይሆናል። ተንጠልጥሎ ከጠበቀ መኪናዋ መሬት ስትነካ ላስቲኩ ዕድሜውን ሙሉ ተጠምዝዞ ይቆማል፣ በወራት ውስጥም ይቀደዳል። ባለቤቱም «አዲሱ ዕቃ ጥራት የለውም» ይላል። በጎማዋ የምትቆምበት ሊፍት ወይም መወጣጫ ላይ ትውጣ። ፋብሪካው የሚጠይቀው ጭነት ነዳጅ ሙሉ፣ ሁለቱ የፊት መቀመጫዎችና የኋላው መሃል ላይ 68 ኪሎ በየአንዳንዱ፣ ዕቃ መጫኛው ውስጥ 21 ኪሎ ነው። አሸዋ የተሞሉ ከረጢቶች ይበቃሉ። ያኔ ይጥበቅ፣ ቀጥሎ አላይመንት ይደረግ።

ፈሳሽ የሌለውን ጠንካራ የፖሊዩሬቴን ጎሚኒ የሚያቀርብልዎ ይኖራል። ንዝረቱን ከዚያ ፍጥነት ወደ ሌላ ፍጥነት ያሸሸዋል፣ የመንገዱን ድምፅም ወደ ውስጥ ያስገባል። ለውድድር ሜዳ እንጂ ለአውቶባህን አልመክረውም።

ጋራዡ ይቀየሩ ስላላቸው ሦስት ዕቃዎች

የፍሬን ዲስክ ውፍረቱ ዙሪያውን እኩል ካልሆነ የሚያንቀጠቅጠው ፍሬን ሲያዝ ብቻ ነው። የእርስዎ ፍሬን ሳይነኩም ስላለ ዲስኩ ዋና ተጠርጣሪ አይደለም። ለማረጋገጥ ፍሬን ብዙ ሳይዙ 15 ኪሎ ሜትር ነድተው ይቁሙና የሙቀት መለኪያ በሁለቱም የፊት ዲስኮች ላይ ይያዙ። አንዱ ከሌላው በብዙ ከሞቀ የፍሬን ሸራው አልለቅ ብሎ እየተጎተተ ነው፤ ያ ካሊፐሩን (ሸራውን ዲስኩ ላይ የሚጫነውን ክፍል) የማጽዳት ሥራ ነው።

ሾክ አብዞርበር ንዝረት አይፈጥርም፣ የተፈጠረውን ማጥፋት ያቅተዋል እንጂ። ዘይት ካላፈሰሰና መኪናዋ ከጉብታ በኋላ ካልተወዛወዘች መጨረሻ ላይ ይታይ።

የመሪ ቦክሱ ላይ ጠበቅ ያለ ሐሳብ አለኝ። የኢ39 ባለ 8 ሲሊንደሮቹ እንደ ባለ 6ቱ በጥርስ ዘንግ ሳይሆን በቦክስ ነው የሚዞሩት፤ ከቦክሱ በሌላኛው ጎን መካከለኛውን ዘንግ የሚሸከም ክንድ አለ። የዚያ ክንድ ጎሚኒ ሲላላ ዘንጉ ጎን ለጎን ይጫወታል፣ እጅዎ ላይ የሚሰማው ያው መርገብገብ ነው። መኪናዋ በጎማዋ ቆማ፣ ሞተሩ እየሠራ፣ አንድ ሰው መሪውን በሁለት ጣት ያህል ስፋት ግራ ቀኝ ያመላልስ። እርስዎ ከሥር ሆነው በእያንዳንዱ ቴስቲና ላይ ጣት እያሳረፉ ይሂዱ፤ ብረቱ ተንቀሳቅሶ ቀጣዩ የሚዘገይበት ቦታ የላላው እሱ ነው። መኪናዋ በሊፍት ላይ ያለጥርጥር በጎማዋ የቆመች፣ ጎማዋም የታገደ መሆኑን ሳያረጋግጡ ከሥር አይግቡ። ቦክሱ ላይ ያለውን ማስተካከያ ብሎን ደግሞ ማንም «ትንሽ ላጥብቀው» እያለ እንዳይነካው። ከልክ ካለፈ መሪው መሃል ላይ ይይዛል፣ ከመዞሪያ በኋላ በራሱ አይመለስም፤ በዚያ ፍጥነት ከመርገብገብ የከፋ ነገር ነው።

መቀመጫው ላይ ከሆነ

ይህ የእርስዎ አይመስለኝም፤ ግን ፍተሻው ወደዚያ ካመራ ባጭሩ። ካርዳኑ ከካምቢዮው ጋር የሚገናኝበትን የላስቲክ ዲስክ ይዩ፤ በብሎኖቹ ዙሪያ የተሰነጠቀ ይቀየር፣ አዲሱ ሲገባ ጠርዙ ላይ ያሉት ቀስቶች ወደ ፍላንጁ ክንዶች ያመልክቱ። መሃል ላይ ያለውን የኩሽኔታ ተሸካሚ ጎሚኒ በእጅ ወደ ላይና ወደ ታች ያንቀሳቅሱ። ማንኛውም ነገር ከመፈታቱ በፊት ዘንጉና ፍላንጁ ላይ በቀለም ምልክት ይደረግ፤ ዘንጉ ሲሠራ ባላንስ የተደረገው በአንድ አቀማመጥ ነው።

ከዚህ በኋላ እነዚህን ይጻፉልኝ፦ በክረምት ጎማ የሆነው፣ የሞዞው መሃል ልክ፣ ጎማው 180 ዲግሪ ሲዞር ማሽኑ ያሳየው ግራም ለሁለቱም የፊት ጎማዎች፣ የሮድ ፎርስ ቁጥር ካለ እሱ፣ የጎማው ጎን ላይ ካለው ኮድ የመጨረሻዎቹ 4 አሃዞች (የተሠራበት ሳምንትና ዓመት ነው፤ አዲስ ተብሎ መጋዘን የከረመ ጎማ ይሸጣል)፣ እና የሁለቱ ጎሚኒዎች ፎቶ ከሥር። ፎቶው ላይ እድፉ ከታየ ክንዶቹን ማዘዝ ይችላሉ፤ ጎማው ግን ከዚያ በፊት የ180 ዲግሪውን ፈተና ይለፍ።